መጥባት ያልቻለችው ሕፃን

አንዲት ሴት ሟች እኅቷ የተወችላትን ልጅ ታሳድግ ነበር። አንድ ቀን ወደ ንስሐ አባቷ መጥታ፣ «አባ፣ አበላታለሁ፣ አለብሳታለሁ፤ እሷ ግን አትቀርበኝም። ‹እማዬ በይኝ› ብዬ ብቆጣት ጭራሽ ዘጋችኝ። ምን ይሻለኛል?» አለቻቸው። እርሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጉልበቱ ብርቱ፣ ትዕግሥቱ ግን አጭር። ሚስቱ በሰባት ወሯ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ ጡት ሲያቀርቡላት አፏን ከፈት አድርጋ ዝም ትላለች፤ መጥባት አታውቅም። ስለዚህ ሐኪም ቤት አስተኟት፤ የእናቷንም ጡት እያለቡ በአፍንጫዋ በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጧት ጀመር። ነርሷም ወተቱ ከመሰጠቱ በፊት እጇን በደንብ ታጥባ የልጅቱን ጉንጭ፣ ከንፈርና ድድ በጣቷ ቀስ አድርጋ እንድትደባብስ እናቲቱን አስተማረቻት።

ገበሬው ይህን ሲያይ ተናደደ። «የራበውን አፍ በባዶ ጣት መደባበስ ምን ይረባዋል?» አለ።

«ወተቱ ሆዷን ይሞላል እንጂ አፏን አያስተምርም» አለችው ነርሷ። «በማህፀን ሳለች የምትለማመደውን ሳትጨርስ ነው የመጣችው። እስክትበረታ እናለማምዳታለን።»

ነገሩ አልተዋጠለትም። ሰው ዞር እስኪል ጠብቆ ወተት በማንኪያ ቀዳና አፏ ውስጥ አንቆረቆረው። ሕፃኗን ትን አላት፤ ፊቷ ጠቆረ፤ ትንፋሿ ቆመ። ነርሷ ሮጣ ደርሳ በስንት መከራ መለሰቻት። ከዚያ ወዲያ እናቲቱ ልጇን መንካት ፈራች።

ገበሬው ደጅ ወጥቶ አለቀሰ። ተመልሶ ገባና ነርሷን፣ «እኔን አስተምሪኝ» አላት። ጥፍሩን ቆረጠ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። እርፍ ያሻከረው እጁ እንዳይጎዳት ፈርቶ በትንሿ ጣቱ ጉንጯን፣ ከንፈሯን፣ ድዷን ዳበሰ። ወተቱ በቱቦ በሚሰጣት ቁጥር አስቀድሞ እንዲሁ አደረገ። ፊቷን ስታዞር ይተዋታል። ጎረቤቶቹ «ማሳህ ጦሙን አደረ» ብለው ቢልኩበትም አልሄደም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ማለዳ የልጅቱ ከንፈር ጣቱ ላይ ገጠመ፤ ሳበችው። ጮክ ብሎ መጣራት ፈርቶ፣ «አንቺ፣ ነይማ፤ ልጅሽ ሳበችኝ» አለ በሹክሹክታ። እናቲቱም በነርሷ እየታገዘች ጡቷ ላይ አስጠጋቻት። ሕፃኗ ትንሽ ጠባች፤ አረፈች፤ ደግሞ ጠባች። ቱቦው ያን ቀን አልወጣላትም። ነገር ግን እያደር በረታች፤ በኋላም የእናቷን ጡት እየጠባች ቤቷ ገባች።

ካህኑ ይህን ተናግረው ወደ ሴቲቱ ዘወር አሉ። «ልጄ፣ ገበሬው ያን ወተት ያንቆረቆረው ጠልቷት አይደለም፤ ወዷት ነው። ግን ሊገድላት ምንም አልቀረው። ያንቺዋም ሳትጠግብ ከእናቷ ተለይታለች። ‹እማዬ› የሚለውን ቃል በግድ ብታጎርሻት ያንቃታል። ጸጉሯን ሥሪላት፤ ከጎኗ ተቀመጪ፤ ፊቷን ስታዞር ተያት፤ ነገ ደግሞ ተመለሺ።»

«ባትስበኝስ፣ አባ?» አለች ሴቲቱ።

«ገበሬውም አያውቅም ነበር» አሏት።