የቀርከሃው ኩባያና የአያ ጅቦ ልኬት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ተሰብስበው የማር ብርዝ በሚጠጡበት ሜዳ፣ እሜቴ ቀበሮ አዲስ ነገር ይዛ ከተፍ አለች፤ የቀርከሃ ኩባያ!

«ጠጥታችሁ ወዲያ ወርውሩት!» አለች። «ቀርከሃ እንደሆነ ተመልሶ ይበቅላል፣ ኩባያውም በስብሶ አፈር ይሆናል። ማጠብ የለ፣ መሸከም የለ!»

አራዊቱ እልል ብለው የድሮ ቅላቸውን አሽቀነጠሩ። ንጉሥ አንበሳ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ለዱራችን ጉዳቱ ይለካ» አለና አያ ጅቦን የልኬት ሹም አደረገው። ሹመት ነዋ! አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ሲያነክስ እንኳ የሚጨፍር ይመስል ነበር።

ምስኪን! ቀበሮ ቀርከሃውን የምትቆርጠው ከየት መሰላችሁ? ልጆቹ ጥላው ሥር ከሚተኙበት፣ ከራሱ ከአያ ጅቦ ሸለቆ ነበር። እሱ ግን ከተሾመ ወዲህ ወደ ቤቱ ዝር አላለም። ሜዳው ላይ የተጣለውን ኩባያ በጭራው እየሰፈረ ይውላል።

«እሜቴ ቀበሮ፣ ለመሆኑ ቀርከሃው ከየት...» ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ቀበሮ ቅልጥም አጎረሰችው። ዋጠና «አይ፣ ማለቴ፣ የሚቆረጠው...» ሲል፣

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ አያ ጅቦ!» ብላ ደገመችው። «ደግሞስ ልኬት የሚጀመረው ከሚጠጣበት ሜዳ ነው። ከዚያ በፊት ያለው አንተን ምን አገባህ?»

«እውነትሽን ነው!» አለ ጅቦ፣ ጥያቄውን ከቅልጥሙ ጋር ውጦ።

ክረምቱ አልፎ ኩባያዎቹ ሲበሰብሱ፣ አንበሳ ፊት ቀርቦ «ንጉሥ ሆይ፣ ጉዳት የሚባል የለውም!» ብሎ መሰከረ። ከዚያም ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ አዘገመ።

ምን ያያል! ሸለቆው ተመልጧል፤ ልጆቹ ከፀሐይ ሸሽተው እናታቸው ሆድ ሥር ተወሽቀዋል።

«እንኳን ደህና መጣህ፣ የልኬት ሹም!» አለችው ሚስቱ። «እስቲ ይቺንም ለካልን!»

«ወየው ጉዴ!» አለ ጅቦ። እየሮጠ ወደ ሜዳው ተመለሰ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ልኬቴ ውሸት ነው! ከአፉ ጀመርኩ እንጂ ከሥሩ አልጀመርኩም። ልጆቼን ጥላ አሳጣኋቸው!»

«የሹመቱ ነገር ናላውን አዙሮት ነው» አለች ቀበሮ፣ ፈጠን ብላ። «ና እስቲ አያ ጅቦ፣ ይቺን ሦስተኛዋን...» ብላ መቅኒው የሚንጠባጠብ ቅልጥም አፉ ላይ ደቀነችለት።

አያ ጅቦ ለሃጩ እየወረደ አፉን ግጥም አድርጎ ዘጋ። ጅብ ቅልጥም እምቢ ሲል ያየ ማን አለ? «ማል» እንኳ ሳይሉት ሁሉም አመኑት!

አንበሳ እስኪያስለው ሳቀና ፈረደ። ከእንግዲህ ለአንድ አውሬ አንድ ኩባያ፤ እስኪሰነጠቅ ድረስ እያጠበ ይጠጣበታል። ቀበሮም ሸለቆውን መልሳ ታልብስ። አያ ጅቦ ልጆቹን አስከትሎ ችግኝ ሊያቀብላት ሲወርድ፣ አገሩ በሳቅና በጭፈራ ተናወጠ።

ከዚህ የምንማረው የአንድን ነገር ጉዳት የሚለካ ሰው ከተቆረጠበት ሥር ጀምሮ መለካት እንዳለበት፣ ሲለካም የማንንም ጉርሻ መጉረስ እንደሌለበት ነው።