መብራቱ ጠፍቷል፣ ጎማው ግን እንደተያዘ ነው

አንዲት ሴት ነበረች። አባቷ ትተውላት የሞቱትን አሮጌ መኪና ክረምቱን ሙሉ ግቢዋ ውስጥ አቁማ፣ የእጅ ፍሬኑን እስከ ጥግ ስባ፣ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራ የከረመች ሴት። ለምን? መኪናው ተበላሽቶ መሰላችሁ? አልተበላሸም! ታናሽ እህቷ ሙሉዓለም እንዳትሳፈርበት ነው።

ሙሉዓለም በአባታቸው ልቅሶ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «አባዬን እሷ መች አስታመመችው!» ብላ ነበር። አባቷን ከአልጋ እያነሳች ያጠበችውን ሴት! እሷም ቂሟን ያዘች። ሙሉዓለም እርጉዝ ሆና ጭቃውን እየረገጠች ጤና ጣቢያ ስትመላለስ፣ መኪናው ቆሞ ዝናብ ይመታዋል።

ለመስቀል ሽማግሌ ገባ። ታናሽ ጉልበት ሳመች። ታላቅም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ ሄዱ። አለቀ አይደል? ሰው ሁሉ አለቀ ብሎ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሙሉዓለምን ምጥ ያዛት። ባሏ ቆላ ወርዷል። ጤና ጣቢያው ልጁ ተጋድሟልና ቶሎ ደብረ ብርሃን ድረሱ አለ። ጎረቤት ሁሉ ወደ ታላቅየዋ ዞረ፤ «ታርቃችሁ የለ? በይ ውሰጃት!» እምቢ አትል ነገር፣ ታርቃለች። የእጅ ፍሬኑን ማንሻ ወደ ታች ጣለችው፣ ከመሪው ፊት ያለው የፍሬኑ መብራት ጠፋ፣ ተነሱ።

ከአንኮበር ዳገቱን ሲይዙ መኪናው ይጎተት ጀመር።

«እትዬ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል።»

«አንቺ ምጥሽን ያዢ! መኪናውን ለእኔ ተዪልኝ።»

«የእጅ ፍሬኑን ለቀሽዋል?»

«ዓይን የለሽም? ይኸው ወርዷል! መብራቱም ጠፍቷል!»

ነዳጁን ረገጠችው። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ከኋላው ሰው የያዘው ይመስል ይንፏቀቃል። ሙሉዓለም «ማርያም፣ ማርያም!» ትላለች። ታላቅየዋ ደግሞ ትረግጣለች። ይህኔ ከኋላ ጭስ ተነሳ።

ቆመች። ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገችና መዳፏን ጎማ በጎማ እያሳለፈች ነካች። የፊቶቹ ለብ ብለዋል። የግራው የኋላ ለብ ብሏል። የቀኙን የኋላ ስትነካ መዳፏ ቸስ አለና ጮኸች።

ወገኖቼ፣ አንዳንዶቻችሁ «ጋራዥ ነው ወይስ ጉባኤ?» እያላችሁ ነው። ታገሱኝ፤ እናንተንም ከመኪናው ሥር አስገባችኋለሁ።

አባቷ እንዲህ ያለውን ሲሠሩ እሷ ከላይ ማንሻውን ትስብላቸው ነበር። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከላይ ይስባል፣ ሌላው ከሥር ያያል። ዛሬ ከላይ ማን አለ? ያቺው እህቷ፣ በምጥ የተያዘችው።

«ሳቢ!» አለች ጭቃው ላይ በጀርባዋ ተንጋላ። ሙሉዓለም እየቃተተች ሳበች።

«ልቀቂ!» ለቀቀች። የግራውን ጎማ ፍሬን የሚይዘው የብረት ክንድ ተመለሰ። የቀኙ ንቅንቅ አላለም። ክረምቱን ሙሉ ተወጥሮ የከረመው ካቦ፣ ክንዱን የሚስበው የሽቦ ገመድ፣ ሽፋኑ ውስጥ ዝጎ ያዘ ማለት ነው። ላይ መብራቱ ጠፍቷል። መብራቱ የሚያየው ማንሻውን እንጂ ጎማውን አይደለም።

«እትዬ...» አለች ሙሉዓለም ከላይ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት። «ሽማግሌ ፊት ይቅር ያልሽኝ ከልብሽ ነበር?»

ፊት ለፊት ቢሆኑ ኖሮ ትዋሽ ነበር። ጭቃ ላይ ተንጋሎ ማን ይዋሻል?

«አልነበረም። ያ ያልሽው ነገር እስካሁን ያቃጥለኛል።»

ከዚያ ሙሉዓለም ማልቀስ ጀመረች። «ውሸቴን ነበር። ማን እንዳስታመመው እኔ አጣሁት? እኔ ስላልነበርኩ አፈርኩና ባንቺ ላይ ላከክሁት።»

ሴትየዋ አጠገቧ ካኖረችው የአባቷ የመሣሪያ ከረጢት መዶሻ አወጣች። የተያዘውን ክንድ መታችው፣ ደገመችው። ቀጭ! ብሎ ተመለሰ። እንደገና እንዳይዝባቸው ካቦውን በፒንሳ ከክንዱ ላይ አወለቀችው። ወጥታ እህቷን ደግፋ ከኋላ አስተኛቻትና «በይ ጠንከር በይ፣ የእናቴ ልጅ» አለቻት። ከልቅሶው ወዲህ እንዲህ ብላ ጠርታት አታውቅም።

ደረሱ። ልጁም በሐኪም እጅ፣ በሕይወት ወጣ። ያን ሕፃን መጀመሪያ የታቀፈችው፣ በዚያ በተቃጠለ መዳፏ፣ አክስቱ ናት።

እናንተስ? ዘንድሮ ስንት ጉልበት ተሳመላችሁ? ስንት ጊዜ «ይቅር» አላችሁ? ማንሻው ወርዷል፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ጎረቤት «ታረቁ» ብሏል። ታዲያ ኑሮው ለምን ይጎተታል? ጸሎቱ ለምን ዳገት ሆነ? እናንተ ግን ነዳጅ ትረግጣላችሁ! ጾም ትጨምራላችሁ፣ ስእለት ትጨምራላችሁ። ከኋላችሁ ይጨሳል።

ውረዱ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የቤተ ዘመዱን ስም አንድ በአንድ ጥሩ፤ ጎማ እንደሚነካ ሰው፣ በቀስታ። አንዱ ስም ላይ እጃችሁ ይሸሻል። ያንን ስም እለፉት አልላችሁም። እዚያ ላይ ታኮ አድርጉና ቁሙ፣ ጭቃው ላይም ተኙ፤ ባለስሙንም ጥሩት። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል።