ወተት ያላጠበው ብናኝ

አንድ አናጢ ነበረ። ስሙ ይቅር፤ ሚስቱ፣ አስካለ ብለን እንጥራት፣ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ላሳዝናት አልፈልግም።

ይህ ሰው ቁምሳጥንና አልጋ ይሠራል። የኤሌክትሪክ መጋዙና ማለስለሻ ማሽኑ ሲነሡ የሥራ ቤቱ ጭጋግ የወረደበት ይመስላል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ሰጋቱራ ይለብሳል። አስካለ ብትጨቀጭቀው ጊዜ አቧራ መምጠጫ ማሽን ሊገዛ ሄደ።

ባለ ሱቁ ሁለት አሳየው። "ጋሼ፣ ይሄኛው ጉልበተኛ ነው፤ ፍቅፋቂውንም ሰጋቱራውንም ጠራርጎ ይወስዳል። ከረጢቱ ግን ጨርቅ ስለሆነ ደቃቁን ብናኝ መልሶ ይተፋዋል። ያኛው ጥቅጥቅ ያለ ማጣሪያ አለው፤ ዓይን የማያየውን ሳይቀር ይይዛል። ሥራው ግን ቀስ ያለ ነው፣ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ማጽዳት አለብዎት።"

ሰውየው ሳቀ። "ለማላየው ነገር ምን አደከመኝ! እሱን ወተት ያጥበዋል" አለና ጉልበተኛውን አሸክሞ ሄደ።

ወተት! ታውቁታላችሁ አይደል? ቀለም የሚቀባው፣ እንጨት የሚቆርጠው፣ ከሥራ ሲወጣ ወተት ይጠጣል። ደረት ያጥባል ይባላል። ማን እንዳለው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እሱም አልጠየቀም።

ወለሉ ጸዳ። ደንበኛው ሁሉ ያደንቃል። አንድ ቀን አስካለ ምሳ ይዛለት መጣች። በጣሪያው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገብቶ ነበር፤ በጨረሩ ውስጥ ብናኙ ይርመሰመሳል።

"አንተ፣ ይኸው እኮ አየሩ ላይ ነው ያለው!" አለችው።

"ወለሉን እዪው እስቲ! ምግብ ቢደፋበት ይበላል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"እኔ የምፈራው ለወለሉ አይደለም" አለችው።

ሳል ጀመረው። ምን አደረገ? ማሽኑን ለወጠ? የለም፣ ወተቱን ጨመረ። ሳሉ ጠናበት፤ አሁንም ወተት። ዳገት መውጣት አቃተው፤ አሁንም ወተት!

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄደ። ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ እያየ "ሳንባዎ ክፉኛ ተጎድቷል" አለው።

"ወተት ስጠጣ እኮ ነው የኖርኩት፣ ዶክተር።"

"ወተቱ የወረደው ወደ ሆድዎ ነው፣ አባቴ። ሳንባዎ ጋ አልደረሰም።"

ሰውየው "ዛሬውኑ ሌላኛውን ማሽን ብገዛስ?" አለ።

"ከእንግዲህ የሚገባውን ይቀንስልዎታል። የገባውን ግን አያወጣውም።"

ክረምቱን አልተሻገረም። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ነገር ተናግሮ ለመጨረስ እንኳ ትንፋሽ አልበቃው አለ። ሊላት የፈለገውን አስካለ ሳትሰማው ቀረች።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው አትሳቁ። እኛስ የመረጥነው ሰው የሚያየውን ወለል የሚጠርገውን አይደለም? አንሰርቅም፣ አንሰክርም፤ ፍቅፋቂው ተለቅሟል። ሚስትህን የምታንቋሽሽባት ያቺ ትንሽ ቃልስ? ከእህትሽ ጋር የያዝሽው ኩርፊያስ? ለዓይን አይታይም፤ ቤታችሁ ያለ ሰው ሁሉ ግን ይተነፍሰዋል።

ሳሉ ሲነሣብን ደግሞ ምን እናደርጋለን? እንዘምራለን። እናለቅሳለን። ጾም እንጨምራለን። መልካም ነው፤ ወተትም መልካም ነው! ነገር ግን ይቅርታ ያልጠየቃችሁትን ሰው በዝማሬ አትክሱትም።

"ሌላ ጊዜ" ትላላችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? አንዳንዱ ሌላ ጊዜ አላገኘም። ቀብር ላይ ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲነጋገሩ ያየኋቸውን ሰዎች እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። "ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ" ይላሉ። ሣጥን አይመልስም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተኮራረፋችሁ አላችሁ። አንዳችሁ በዚህ ረድፍ፣ አንዳችሁ በዚያ፤ ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም እኔን ብቻ እያያችሁ ነው። "አሜን" አትበሉኝ። የመዝጊያውን ጸሎትም ገና አልጸልይም። ተነሡና ሂዱ፣ አናግሩት። እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ።