ሁለት እሳት

ከጣና ዳርቻዎች በአንዱ፣ የታንኳ መሥሪያው ደንገል ሳስቶ ድንጋዩ ከውሃው ብቅ ብቅ በሚልበት በኩል፣ ሁለት እሳት የሚባል ዳር አለ። በታኅሣሥና በጥር፣ ቁሩ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ወራት፣ አምባዛ ዓሣ ሊይዝ እዚያ ዳር የሚያመሽ ሰው ብቻውን እንኳ ቢሆን አንድ እሳት አንድዶ አይቀመጥም፤ ትንሽ ራቅ አድርጎ ሌላ ይጨምራል። ሁለተኛው እሳት ለማን እንደሆነ የሚጠይቅ እንግዳ የመጣ እንደሆነ፣ የአገሩ ሽማግሎች ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚያወጉት ነገር አላቸው።

እንደሚነገረው፣ ከቅድመ አያቶቻቸውም ዘመን በፊት፣ አንዳርጌ የሚባል ገበሬ በዚያ አገር ይኖር ነበር። ሚስቱ በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ቤቱ እንቅልፍ ስለነሣው፣ ቀን እርሻውን ሲገፋ ውሎ ማታ ማታ ሸምበቆውንና መንጠቆውን ይዞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዓሣው ሰበብ ነበር ይባላል። ትል ሰክቶ ፈትሉን ይጥልና ከእሳቱ አጠገብ ኩርምት ብሎ፣ ሲቀናውም ሳይቀናውም፣ ወፍ ሲንጫጫ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሱ ወዲያ፣ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት፣ ታንኳ በድንጋዮቹ መካከል ሾልኮ በሚገባበት ክፍተት አፍ ላይ፣ ሌላ እሳት ይነድ ነበር። የአስካል እሳት ነው። የአስካል ባል ውባንተ ታንኳ ቀዛፊ ነበረና፣ ክረምቱ ሲገባ ማገዶ ጭኖ ወደ ማዶ እንደተነሣ ማዕበል መጣ፤ ውሎ አድሮም የታንኳው ግማሽ ብቻ ውሃ ተፍቶት ዳር ላይ ተገኘ። ዘመድ አዝማድ አለቀሰ፤ ተዝካሩም ይውጣ ተባለ። አስካል ግን «ሬሳውን ሳላይ ተዝካር አላወጣም» ብላ እንቢ አለች። ድሮም ባሏ በጨለማ ሲመለስ ክፍተቱን እንዳይስት እሳት ታነድለት ነበርና ያንኑ ቀጠለች፤ እዚያው እያመሸችም በመንጠቆ የዕለት ጉርሷን ታገኛለች።

ሁለቱ ብዙ አይነጋገሩም ነበር። አልፎ አልፎ፣ ብርዱ ሲጠናባት፣

«አያ አንዳርጌ፣ ያዘልዎ?» ትለዋለች።

«ምኑን! እኔኑ ብርዱ ያዘኝ እንጂ» ይላታል።

ትስቃለች፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም ወደየመንጠቋቸው ይመለሳሉ። አንዳርጌ ግን ሳቋን ለመስማት ብሎ ከቤቱ ቀደም ብሎ መውጣት እንደጀመረ ለራሱም የታወቀው ዘግይቶ ነው ይባላል። ኅዳር ሲወጣ አጎቱን «ጥምቀት ይለፍና ወደ አስካል ቤተ ሰቦች ሽማግሌ ላክልኝ» አለው። ቤተ ሰቦቿም ነገሩን በጎን ሰምተው ወደውት ነበር። ለአስካል ግን ትንፍሽ አላላትም።

ከታኅሣሥ ሌሊቶች በአንዱ፣ ሐይቁን ጉም ሸፍኖት የሰው ዓይን ከእጁ በማያልፍበት ሌሊት፣ አንዳርጌ ወደ ዳሩ ቢወርድ የአስካል ቦታ ጨልሟል። ጠበቀ፤ አልመጣችም። ሸምበቆውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ወደ ቤቷ ሄደ። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው፣

«ንዳድ ጣላት፣ ልጄ» አሉት። «‹እሳቴን፣ እሳቴን› እያለች ትቃዣለች። አንዲት ሌሊት ባይነድ ምን ይጎድላል? የሞተ እንደሆነ አይመጣ። አንተም ይህን ታውቃለህ» ብለው ዓይን ዓይኑን አዩት። የሽማግሌውን ነገር ማንሣታቸው እንደሆነ ገባው።

ወደ ዳሩ ተመልሶ ከራሱ እሳት አጠገብ ተቀመጠ። እንጨቱ ለአንድ እሳት እንኳ እስኪነጋ የሚበቃ አልነበረም። ጀርባውን ለክፍተቱ ሰጠ፤ መልሶ ዞረ። እናቷ እውነት ብለዋል፣ ሰውዬው ሞቷል፣ ሲል አሰበ። ደግሞ «ከሞተ ለምን ማንደዱን ፈራሁ?» አለና ከተቀመጠበት ተነሣ። ፍሙን በገል አፍሶ፣ እንጨቱን ታቅፎ ሄደ፤ አስካል ታነድበት በነበረው ቦታ አቀጣጠለው። የራሱ እሳት ከኋላው እየደበዘዘ ጠፋ።

ሌሊቱ ገፋ፤ እንጨቱም አለቀ። የደረቀ ደንገል እየነቀለ ጨመረበት፤ ያም ሲያልቅ ሸምበቆውን በጉልበቱ ሰብሮ ማገደው። እሱ ቦግ ብሎ ሲነድ ነው ከጉሙ ውስጥ ሳል የሰማው። ቀጥሎም የደከመ ድምፅ፣

«አስካል!»

አንዳርጌ ባለበት ደረቀ። ድምፁን ያውቀዋል። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ፣

«ወደ እሳቱ! ውባንተ፣ ወደ እሳቱ ቅዘፍ!» እያለ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ደረቱ ጠልቆ፣ ውሃ የጠጣችውን ታንኳ በድንጋዮቹ መካከል ጎትቶ አወጣት። የውባንተ እጆች ከመቅዘፊያው ጋር ደርቀው ቀርተው ነበርና ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀለት፤ ዳር ላይ ጥሎት የገባውን ደረቅ ጋቢ አልብሶም ከእሳቱ አስጠጋው።

«ማዶ ስደርስ ማዕበሉ ከድንጋይ አጋጨኝ፤ እግሬ ተሰበረ» አለ ውባንተ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «አንድ ባሕታዊ ነው ያስታመመኝ። በነጋዴ መልእክት ልኬ ነበር፤ አልደረሰም?»

«አልደረሰም።»

«ዛሬ በትውስት ታንኳ ስመለስ ጉሙ ሲውጠኝ፣ መቼም አስካል እሳት ሳታነድ አታድርም አልሁ። የታለች?»

አንዳርጌ እሳቱን እየቆሰቆሰ፣ «ትንሽ አሟት ተኝታለች» አለው። «እሳቱን አደራ ብላ ላከችኝ።»

ደግፎ እስከ ደጇ አደረሰው። እናቷ ሲጮኹ፣ ከጩኸቱም ሥር የአስካልን ድምፅ ሲሰማ፣ ሳይገባ ተመለሰ። ሲነጋ አጎቱ ዘንድ ሄዶ፣ «ሽማግሌው ይቅር፤ ባለቤቱ ገብቷል» አለው።

አስካል ከንዳዷ ስትነሣ ባሏ «አደራሽን ጠብቆ ነው ያወጣኝ» አላት። ያልሰጠችው አደራ ነበረ፤ እናቷም የሆነውን ነግረዋት ነበር። ጋቢውን አጥባ በእናቷ እጅ ላከችለት፤ ለባሏም ቆይታ እውነቱን ነገረችው።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ አዲስ ሸምበቆ ቆርጦ አንዳርጌ እንደገና ወደ ዳሩ ወረደ። እሱ ሳይደርስ በቦታው እሳት ይነድ ነበር፤ ከአጠገቡም የደረቀ እንጨት ተከምሯል። ወዲያ በክፍተቱ አፍ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል።

«አያ አንዳርጌ» አለች አስካል። «እስኪ ይሙቁ። እንጨቱን ውባንተ ነው የፈለጠው።»

እሱም ተቀምጦ ሞቀ። ከዚያ ወዲህ በቁር ወራት አንዳርጌ እሳት ሳይነድለት ቀርቶ አያውቅም ይባላል። ኋላ ሌላ ሚስት አግብቶ ወልዷል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ የአስካልን የበኩር ልጅ ክርስትና አንሥቶ እንደ ልጁ አሳደገ የሚሉም አሉ።

ዛሬ ከዚያ ዳር ሆኖ ለሚያይ የከተማው መብራት ከሩቅ ይታያል፤ ታንኳውም ቀንሶ ባለ ሞተር ጀልባ በዝቷል። ዓሣ የሚይዙት ግን አሁንም ሁለት ያነዳሉ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን በክፍተቱ አፍ ላይ፣ ውሃው ላይ ላለና ለማያውቁት ሰው። እንጨት ያነሰ እንደሆነም፣ እንዲጠፋ የሚተዉት የራሳቸውን ነው።