ለአምፕሊፋየሩ የተነቀለችው ወንበር

አንድ የድንጋይ ካባ ባለቤት በሠራተኞቹ ማመላለሻ መኪና ላይ አዲስ ቴፕ አስገጠመ። ለአምፕሊፋየሩ ቦታ ሲፈልግ የአንድ ሽማግሌ ወንበር አስነቀለ። በማግስቱ መኪናው ባዶውን ሄደ። የሆነው ይኸው ነው። ዝርዝሩን የማውቀው ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ስለነበርኩ ነው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ድንጋይ እፈልጥ ነበር። ስለ ራሴ ከዚህ በላይ መናገር አልወድም።

መኪናው አሮጌ ቅጥቅጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ጫፍ ያሳፍረንና በፒስታ መንገድ እያንገጫገጨ ወደ ተራራው ይወስደናል። ሙዚቃ አልነበረውም። ከማዶ ያለው ካባ ሠራተኞች በዘፈን እየጨፈሩ ሲያልፉን በመስኮት ብቅ ብለው «የማን ቀብር ነው?» ይሉን ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ትልቅ ቴፕ፣ ስፒከሮችና ድምፁን የሚያጎላ አምፕሊፋየር መግዛቱን ስንሰማ ደስ አለን። ይህን አልክድም። ሙዚቃውን ፈልገነዋል።

እሑድ መኪናውን የማጠብ ተራው የኔ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ሽቦ ሲዘረጋ እዚያው ነበርኩ። ቴፑ ገባ፤ ስፒከሮቹ ጣሪያው ሥር ተገጠሙ። የቀረው አምፕሊፋየሩ ነበር፤ ከባድ የብረት ሳጥን።

«ይሄ ሲሠራ ይሞቃል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። «አየር ይፈልጋል። አፍነን ካስቀመጥነው ይቃጠላል።»

«ከሾፌሩ ወንበር ሥርስ?» አለ ባለቤቱ።

«እኔን ጠብሳችሁ ልትበሉኝ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«እሺ፣ ከኋላስ?»

«ከኋላ ዲጂኖና መዶሻ ይወረወርበታል፤ ውሎ ሳያድር ይጨፈልቁታል» አለ ኤሌክትሪሺያኑ። « እኔን ከጠየቁኝ ጋቢና ነው የሚሻለው። ከእርስዎ እግር ሥር ሰፊ ቦታ አለ። አየር ያገኛል፤ ሽቦውም አጭር ይሆናል።»

«እግሬን የት ልዘርጋ ታዲያ?» አለ ባለቤቱ። ዞር ዞር ብሎ አየና በሩ አጠገብ ያለችውን ነጠላ ወንበር በጣቱ አሳየ። «እሷ ትነቀልና እዚያ ይታሰር።»

ያቺ ወንበር የጋሽ ሽብሩ ነበረች። ጋሽ ሽብሩ ከሁላችንም በፊት እዚያ ካባ የገቡ ሰው ናቸው። የተንከባለለ ቋጥኝ ዳሌያቸውን ሰብሮታል። ከዚያ ወዲህ መሬት ተቀምጠው የንጣፍ ድንጋይ ይጠርቡ ነበር። ተቀምጠው መሥራት ይችላሉ፤ ቆመው ግን ያንን መንገድ አይችሉትም። ወንበሯ ካለች ሥራ አላቸው፤ ከሌለች ቤት መዋል ነው። ለእሳቸው ነገሩ ይህን ያህል ነበር።

ኤሌክትሪሺያኑ መፍቻውን ይዞ ቆመ። «ሽማግሌውስ?» አለ።

ባለቤቱ ሳቀ። «አይ አንተ! እነዚህ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ለሽማግሌ ወንበር የሚለቅ መቼ ይጠፋል? እነሱው ይቻቻላሉ። አንተ ሥራህን ሥራ።»

ብሎኑ ተፈታ። ወንበሯ ከግቢው ግንብ ሥር ተጣለች። እኔ ባልዲዬን አስቀምጬ ጋሽ ሽብሩ ቤት ሄድኩና ያየሁትን ሁሉ፣ የሰማሁትንም ቃል በቃል ነገርኳቸው። «ሰማሁ» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ገና ሳይታይ ዘፈኑ ደረሰ። እየተሳሳቅን ተሳፈርን፤ እንደ ልማዳችን እያንዳንዳችን ቦታ ቦታችንን ያዝን። ጋሽ ሽብሩ መጨረሻ ላይ በር ይዘው ወጡ። በወንበራቸው ቦታ ሳጥኑ ተቀምጧል፤ ትንሽ ቀይ መብራት አብርቷል። አዩት። ሳቁም ቆመ።

ዳምጠው የሚባል መልካም ልጅ ነበር፤ ብድግ አለ። «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«አንተስ?»

«እኔ እቆማለሁ፤ ምን አለበት?»

«ነገስ?»

«ነገ ሌላው ይነሳልዎታል።»

«ከነገ ወዲያስ?»

ዳምጠው ወደ ወንበሩ ሊስባቸው እጁን ዘረጋ።

«ስማ ልጄ» አሉት ጋሽ ሽብሩ። «ወንበር የነቀለው ሌላ፣ የምትቆመው አንተ። ለምን? እኔ ያንተ ቦታ ላይ ቁጭ ስል የሚያየኝ ሁሉ ‹ምንም የጎደለ ነገር የለም› ይላል። ሰውየው የቆጠረው ይህንኑ ነው። ጨዋነትህን ቆጥሮ ነው ወንበሬን የነቀለው። ተቀመጥ። የሚቆመው የተነቀለበት ነው።»

የበሩን ብረት ጨበጡና ቆሙ።

መኪናው ተነሳ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዳምጠው አልተቀመጠም። ወንበሩ ባዶውን ቀረ። ትንሽ እንደሄድን እቴነሽ ተነሳች። እቴነሽ ጠጠር የምታበጥር፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች።

«እኔ እንኳ ቁሜም ተቀምጬም ቁመቴ ያው ነው» አለች። «ልቁም እስቲ።»

ከዚያ ሌላው ተነሳ። ከዚያ ሌላው። ማንም ተነሱ አላለም። እኔም ተነሳሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ሆኑ፤ እኛ መሐሉን ሞልተን፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ቆምን።

ሾፌሩ በመስታወት አየንና ዘፈኑን ቀነሰ። «ምን ሆናችኋል? ቅዳሴ ነው እንዴ? ተቀመጡ!»

«ወንበሩን ለሳጥኑ ለቀንለታል!» አለች እቴነሽ። «ከፈለገ ጋደም ይበልበት!»

ባለቤቱ ከጋቢና ዞረ። መጀመሪያ አልገባውም። ባዶውን ወንበር አየ፣ እኛን አየ። «ወንበር ሞልቶ ምን ያቆማችኋል?»

«አንድ ጎድሏል» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ለአንድ ወንበር ነው ይሄ ሁሉ?»

«አዎ። ለአንድ ወንበር ነው።»

«እንግዲህ እኔ አላስቆምኳችሁም!» ብሎ ጮኸ። «መቀመጥ የማይፈልግ ይውረድ!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ባለቤቱ ማንም የሚወርድ አልመሰለውም። ጋሽ ሽብሩ በሩን ከፈቱ። አንዱን እግር አወረዱ፣ ቀስ ብለው ሌላውን ጎተቱ። ተከትለን ሁላችንም ወረድን። መኪናው ዘፈኑን እያሰማ፣ አቧራውን እያለበሰን ሄደ።

በእሳቸው እርምጃ ተጓዝን። ልንሸከማቸው ስንል «ሬሳ አይደለሁም» አሉን። የማዶዎቹ መኪና ሲያልፍ እንደ ልማዳቸው በመስኮት ብቅ አሉ። «ሙዚቃችሁ የታለ?»

«ቀድሞናል!» አለች እቴነሽ። «እኛ እስክንደርስ ድንጋዩን ይፈልጥልን!»

ካባው ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ጭነት ፈላጊ ገልባጮች ተሰልፈው ጥሩንባቸውን ይነፋሉ። የሚጭን የለም። ባለቤቱ እየሮጠ መጣ፤ ጠዋት የነበረው ድምፅ አብሮት አልነበረም።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ይምጡ እስቲ» አለ። አንቱ ሲላቸው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ጋር ጋቢና ይቀመጣሉ። እንደ አባቴ። በቃዎት?»

ክብር ነበር። ብዙ ሰው ይቀበለዋል።

«እኔ የተነቀልኩት ከጋቢና አይደለም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የሚሉት?»

«ወንበሬ ቦታዋ ትመለስ።»

«ሳጥኑንስ የት ላድርገው?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ? የገዛኸው አንተ ነህ፤ ቦታ ፈልግለት። የኔን ቦታ ግን አትፈልግለት።»

ባለቤቱ ፊቱን አዞረ። እኛም ሥራ አልጀመርንም፤ ያን ቀን አንድ ድንጋይ አልተነሳም። ገልባጮቹ ባዷቸውን ተመለሱ። በማግስቱ መኪናው መጣ፤ ገብተን ቆምን። ባለቤቱ ውረዱ አላለም፤ ተቀመጡም አላለም። ዘፈኑ ተዘግቶ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን ቆምን። ጋሽ ሽብሩ ከንፈራቸውን ነክሰው ብረቱን ጨብጠዋል፤ እኛም ግራና ቀኝ አጥር ሆነንላቸዋል። መንገዱ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም።

ከዚያ ኤሌክትሪሺያኑ ተጠራ። ሳጥኑን ፈታና ጋቢና፣ መጀመሪያውኑ ይሻላል ያለው ቦታ፣ ከባለቤቱ እግር ሥር አሰረው። ወንበሯንም ከግንቡ ሥር አንስቶ፣ አቧራዋን አራግፎ በአሮጌው ቀዳዳዋ ላይ መልሶ ተከላት። ጋሽ ሽብሩ ተቀመጡ። እኛም ተቀመጥን። ዘፈኑ ተከፈተ፤ ጥሩ ዘፈን ነበር። ባለቤቱ ሳጥኑ እየሞቀ ሲመጣ እግሩን እያነሳ ሲያስቀምጥ ከኋላ እናየው ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ደስ ይል ነበር። አላበቃም። ባለቤቱ ቂሙን ይዞ ቆየና አንድ በአንድ አሰናበተን። ሰበብ አላጣም። መጀመሪያ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወሬውን ማን እንዳደረሰ ደርሶበት ነበር። ቀጥሎ እቴነሽ፣ ከዚያ ዳምጠው። ሌሎቹም ተከተሉ። አልተጸጸትኩም። ዛሬም ያ መኪና ቢመጣ እቆማለሁ።

ይህን የምነግራችሁ ለሽማግሌ ወንበር አትልቀቁ ለማለት አይደለም። ልቀቁ። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ወንበሩ ለምን እንደጎደለ ጠይቁ። በሰው ላይ በደል የሚሠራ ሁሉ ክፉ ሰዎችን ተማምኖ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በደጎች ነው። እነሱ ያጎደለውን እየሞሉ፣ የሰበረውን እየጠገኑ፣ ጥፋቱ እንዳይታይ ያደርጉለታል። ያኔ ደግነታችን ለተበዳዩ ሳይሆን ለበዳዩ ይሆናል። ለተነቀለበት ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚበጀው ወንበራችንን መስጠት ሳይሆን አብረነው መቆም ነው።

እናንተስ፣ በቅርቡ በደግነት የለቀቃችሁት ቦታ የማንን ጥፋት ሸፈነ?

ባለቤቱ ሁላችንንም ሲያሰናብት ያቺን ነጠላ ወንበር ግን ዳግመኛ ለመንካት አልደፈረም። የኛን ቦታ የያዙትን አዲሶቹን ሠራተኞች ይዞ ካባው እስኪዘጋ ድረስ ያ መኪና ሲመላለስ፣ ከድሮዎቹ ተሳፋሪዎች የቀሩት ጋሽ ሽብሩ ብቻ ነበሩ።