የእትዬ አሰገደች በሬ በችሎት

ይህን የሰማሁት ከእናቴ ነው። ከእትዬ አሰገደች ጋር አጥር ለአጥር ነበሩ፤ እዚያ ቤት የተነፈሰ ሁሉ እኛ ቤት ይሰማል።

ዝናብ የቀረበት ያ ክፉ ዓመት ነው። እትዬ አሰገደች ባሏ ሞቶባት ያላት አንድ በሬ ብቻ፣ እሱንም ከሰው በሬ ጋር አቀናጅታ ነው የምታሳርሰው። ባለጠጋው ባላምባራስ ይነሱ «ገብሴን በልቶብኛል፣ በሬውን በካሳ ልውሰድ» ብለው ከሰሷት። ያየ ምስክር የለም። እሷም በሬዬ ከደጄ ንቅንቅ አላለም አለች። ባላምባራስ መንገድ ላይ አግኝተዋት «አንቺ፣ ለራስሽ የምትበይው የለሽ፤ በሬ ምን ያደርግልሻል?» ቢሏት፣

«የሚበላ የሞላዎት እርስዎ የእኔን በሬ ከተመኙ፣ የሚበላ ያጣሁት እኔ እርስዎን ስላልተመኘሁ ያመስግኑ!»

ያን ጊዜ ዳኛ ብቻውን አይፈርድም። ችሎት የተቀመጠው ወንድ ሁሉ ከታናሽ ጀምሮ እየተነሳ የመሰለውን ይላል፤ ዳኛው መጨረሻ ላይ ይቋጨዋል። በራብ ዘመን ያ ሁሉ ወንድ ወዴት እንደሚያዘነብል ደግሞ ማን ያጣዋል! እናቴ «ባላምባራስ ፈራጆቹን ምሳ ሊጠሩ ነው አሉ፤ አንቺም ዶሮሽን እረጅላቸው እንጂ» ብላ ብትመክራት፣

«ለበሬዬ ዶሮዬን ካረድኩ፣ ነገ ለጎጆዬ ሲከሱኝ ማንን ልረድ፣ አንቺን?»

ችሎቱ በዳኛው በጭቃ ሹሙ ደጃፍ ተሰየመ። መጀመሪያ የተነሳው መንገሻ የሚሉት ከሲታ ነው፤ ቤቱ እህል ከገባ ሰንብቷል። ባላምባራስን እያየ አረረና «ይሄ ሁሉ ጎተራ እያላቸው በሬው ቢበላስ! ይብላ!» አለ። ሰዉ ደስ ይላታል ብሎ ሲጠብቅ፣ ዞር ብላ፣

«አንተ፣ እኔ በሬዬ አልበላም አልኩ እንጂ ይብላልኝ አልኩ? ተቀመጥ፤ የራስህን ራብ በእኔ በሬ አትሟገት!»

እኩለ ቀን ላይ ባላምባራስ ፈራጆቹን ሰብስበው ምሳ ወሰዷቸው። ከሲታውም ሄደ፤ አይ ወንድ! ሲመለሱ የወገባቸውን ድግ አላልተው፣ ጢማቸውን እየጠራረጉ፣ ፍርዱ እንደ አዲስ ይጀመር አሉ። ከዚያማ አንድ በአንድ እየተነሱ «በልቷል፣ በሬው ይወሰድ!» ከሁሉ አብልጦ የጮኸው መንገሻ ነው። እውነት በልቶ ይሆን ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ የለም።

ያም ሆኖ በሬው ተረፈላት፤ ለከርሞው አርሷል። ያተረፈው አፏ ነው። ምሳው ላይ ያልነበሩት ጭቃ ሹሙ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው «እንግዲህ ሁሉም በሬሽ ገብሱን በልቷል ብለዋል፤ ምን ትያለሽ?» ብለው ሲጠይቋት፣ የጎኑ አጥንት የሚቆጠረውን በሬዋን ስባ መሀል አቆመችውና፣

«ጌታዬ፣ እነዚህን ከበሬዬ ጎን ያሰልፉልኝ፤ የባላምባራስን ገብስ ማን እንደበላው ሆድ ሆዳቸውን አይተው ይፍረዱ!»