ለእማዋይሽ የሰጠሁት ምክር

ሌላው ሰው ይህን አባባል ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ የየአገሩ ሰው የየራሱ ታሪክ ይኖረዋል። እኛ ሰፈር፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ግን፣ ሰው አባባሉን በተናገረ ቁጥር ዞር ብሎ የሚያየው እኔን ነው። ስለዚህ ከሌላ አፍ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ሥራዬ ምክር ነው። አዲስ ንግድ ሊጀምሩ ያሰቡ ሰዎች ይመጣሉ፤ ምን ቢሸጡ፣ ለማን ቢሸጡ፣ የት ቢሸጡ እንደሚያዋጣ አብረን እናስባለን። እኔ ራሴ ሦስት ንግድ ጀምሬ ሦስቱንም ዘግቻለሁ። ይህን የሚያነሱብኝ አሉ፤ ያንሱ።

እማዋይሽ የመጣችው በሶ ልትሸጥ አስባ ነው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም፣ ሁለት ልጆች አሏት። ገብሱን ራሷ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በፌስታል ቋጥራ አመጣችልኝ። ቀመስኩት፤ ግሩም ነው። "በትንሽ በትንሹ አሽጊው፣ ስምሽን ጻፊበት፣ ገበያው መሃል ሱቅ ያዢ" አልኳት። አንድም ሳታስቀር ያልኳትን አደረገች፤ ተሳካላትም።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ "እማዋይሽ እንዴት አድርጋ ተሳካላት?" ማለት ጀመረ። "መንበሩ መክሯት ነው" የሚል ግን አንድ ሰው ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ የእኔው ደንበኞች እሷ ሱቅ እየሄዱ ይማከሯት ጀመር። ሁለት ወር ሙሉ የመከርኩት ልብስ ሰፊ እንኳ "እማዋይሽ እንዲህ ብላኛለች" ብሎ የእኔኑ ቃል ለእኔው መልሶ ነገረኝ። ቀናሁ። አንጀቴ እርር እስኪል ቀናሁ። በሶዋን የያዘ ሰው መንገድ ላይ ሳይ ፊቴን አዞር ነበር።

እንዲህ እንደሆንኩ አንድ ቀን መጣች።

"ጋሽ መንበሩ፣ ሱቁ ጠበበኝ። ወዴት ልሂድ ይላሉ?"

"አስቤበት ልንገርሽ" አልኳት።

በደሴ መውጫ፣ የጭነት መኪኖች ጎማ የሚያስጠግኑበት ሰፈር አለ። አቧራና ግራሶ ነው። ሄጄ አየሁት። ግራና ቀኙ ጥብስ ቤት ነው፤ ሾፌሩ ጎማው እስኪጠገን ሥጋ ያስቆርጣል። እዚያ ጎማ ሲጠግኑ ያረጁትን አባባ ወልደሐናን "እዚህ በሶ ቢሸጥ ማን ይገዛል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ማን ሥጋ ትቶ ዱቄት ይበጠብጣል?" ብለው ሳቁብኝ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። በማግስቱ እማዋይሽን አስጠርቼ "የገበያውን ሱቅ ልቀቂና እዚያ ሂጂ" አልኳት።

"ጭራሽ ልልቀቀው?"

"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!"

"እርስዎ ካሉማ" አለችና ሄደች። የልጆቿ ጉሮሮ በዚያ ሱቅ ላይ መሆኑን አላውቅም አልልም። አውቄ ነው።

ሦስት ሳምንት እንደምንም ቆየሁ። ከዚያ ውድቀቷን ልይ ብዬ፣ የማጽናናበትን ቃል ሳይቀር አሰናድቼ ሄድኩ።

ጥብስ ቤቶቹ ተዘግተዋል። ሾፌሩም ረዳቱም እማዋይሽ በር ላይ ተሰልፏል። ለካ ያን ጊዜ የሄድኩት በቅበላ ሳምንት ኖሯል! አገር ምድሩ ሥጋን ሲሰናበት አይቼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው አልኩ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሙን የሚፈታ መንገደኛ፣ በውሃ ተበጥብጦ ወዲያው ከሚጠጣ በሶ የተሻለ ምን ያገኛል? በሶ ሻጭ የምመክር ሰው ሁዳዴን ረሳሁት። ቅናት ቀን አያስቆጥርም።

እማዋይሽ ስታየኝ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ይኸውላችሁ! እዚህ ያመጡኝ እሳቸው ናቸው። እስቲ መርቁልኝ!"

ሰልፈኛው ምርቃቱን ያወርደው ጀመር። "ዕድሜ ይስጥዎ!" "አፍዎ ይባረክ!" አባባ ወልደሐና ሳይቀሩ በግራሶ የጠቆረ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። እሷ በሶ የሞላ ጣሳ አስጨበጠችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰዉ እኔን ጥሎ እሷን ማንሳቱ ሳያንስ፣ ጭራሽ በእሷ ትእዛዝ ልመረቅ?

"ተዉኝ! አትመርቁኝ!" ብዬ ጮህኩ። "እንድትወድቂ ነው የላክሁሽ! ማንም አይገዛሽም ብዬ ነው! ቀንቼብሽ ነው!"

እማዋይሽ ፊቷ ቀስ በቀስ ሲገረጣ አየሁ፤ የለቀቀችው ሱቅ፣ የልጆቿ ነገር፣ ሁሉም ያን ጊዜ ነው የገባት። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ወስዳ ሰልፉ ፊት ለቆመው ሾፌር ሰጠችው። እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ ሰማይ ዘረጋችና፣ እኔን እያየች፣ "ጌታዬ ሆይ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ!" አለች።